በአነስተኛ ወጪ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ለመምረጥ የሚረዳ መረጃ

ይህ ጽሑፍ በግል ፍላጎት ኤሌክትሮኒክስ ለሚሠሩ ዜጎች፣ ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች፣ ለተማሪዎችና በአነስተኛ የጥገና ሥራ ለተሰማሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ገዢው የመጀመሪያውን ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ከመግዛቱ በፊት ፍላጎቱን ለይቶ እንዲያውቅ፣ በማስታወቂያ ላይ የሚሰፍሩ ቁጥሮችን በትክክል እንዲያነብና መሣሪያውን ያለ አደጋ እንዲጠቀም ማስቻል ነው።

ኦሲሎስኮፕ ለብዙዎች የወራት ቁጠባ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ከውጭ አገር ከታዘዘ በኋላ መመለሱም ቀላል አይደለም። ስለሆነም ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን ሳይሆን ለሚሠሩት ሥራ የሚበቃውን መምረጥ፣ ከገንዘቡም የተወሰነውን ለፕሮብና ለደኅንነት መጠበቂያ ማስቀረት ይመከራል። የክፍል 8 የደኅንነት ማሳሰቢያ የሰው ሕይወትን የሚመለከት በመሆኑ ሌላው ቢዘለል እንኳ እርሱ ሳይነበብ መታለፍ የለበትም።

1. ኦሲሎስኮፕ ምን ይሠራል? ለማንስ ያስፈልጋል?

መልቲሜትር የአንድን ነጥብ ቮልቴጅ በአንድ ቁጥር ይገልጻል። ኦሲሎስኮፕ ግን ቮልቴጁ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጥ በሥዕል ያሳያል። በስክሪኑ ላይ አግድሙ ጊዜን፣ ቁመቱ ቮልቴጅን ይወክላል።

የሁለቱ ልዩነት በሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። ለምሳሌ አንድ የኃይል ምንጭ በመልቲሜትር ሲለካ ትክክለኛ 5 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ይሁንና በዚያው መስመር ላይ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል የሚወጣና የሚወርድ ረብሻ ሊኖር፣ ወይም ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ቮልቴጁ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ወደ 3 ቮልት ሊወርድ ይችላል። መልቲሜትሩ አማካዩን ስለሚያሳይ ይህንን አይነግረንም። ማይክሮኮንትሮለሩ ያለ ምክንያት ራሱን እያጠፋ የሚያስነሣ መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በአንጻሩ ሥራቸው መብራትና ሪሌይ ማገናኘት፣ የሽቦ መቆራረጥ መፈተሽና ባትሪ መለካት ብቻ ለሆነ ሰዎች ጥሩ መልቲሜትር ይበቃል። አስተማማኝ መልቲሜትርና ጥሩ የብየዳ መሣሪያ የሌለው ሰው አስቀድሞ እነዚህን ቢያሟላ ከኦሲሎስኮፕ የበለጠ ይጠቀማል።

2. ከመግዛት በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች

ገዢው የዋጋ ዝርዝር ከመመልከቱ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፎ ቢመልስ ምርጫው ይቀልለታል።

ሀ. በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የምለካው ፈጣኑ ምልክት ስንት ነው? ለዚህ የሚሰጠው መልስ የባንድዊድዝና የናሙና ፍጥነትን ይወስናል።

ለ. በአንድ ጊዜ ስንት ምልክቶችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልገኛል? ይህ የቻናል ብዛትን ይወስናል።

ሐ. ከ220 ቮልት መስመር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ዕቃ እከፍታለሁን? መልሱ «አዎ» ከሆነ ከኦሲሎስኮፑ በተጨማሪ ሌላ መሣሪያና ተገቢ ሥልጠና ያስፈልጋል።

3. ባንድዊድዝ፦ ዋጋውን የሚወስነው ቁጥር

ባንድዊድዝ በሜጋኸርዝ ይገለጻል። ብዙ ገዢዎች «50 ሜጋኸርዝ» የሚለውን ሲያነቡ መሣሪያው እስከ 50 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለ ስሕተት የሚለካ ይመስላቸዋል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። በተጻፈው ባንድዊድዝ ላይ አንድ ንጹሕ ሞገድ የሚታየው ከእውነተኛ ቁመቱ ወደ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ነው። ይህም ማለት 1 ቮልት የሆነ የ50 ሜጋኸርዝ ሞገድ በ50 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ላይ 0.7 ቮልት መስሎ ይታያል። ከባንድዊድዙ አንድ አምስተኛ በሆነ ድግግሞሽ ላይ ግን ስሕተቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል።

የዲጂታል ምልክት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል። የማይክሮኮንትሮለር ምልክት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ነው። ይህ ቅርጽ የሚሠራው ከመነሻው ድግግሞሽ በተጨማሪ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ከሆኑ ሞገዶች ድምር ነው። መሣሪያው እነዚህን ካላሳለፈ ማዕዘኑ ተድበስብሶ ምልክቱ ክብ ሞገድ ይመስላል፤ ጀማሪውም ጥፋቱ የራሱ ሰርኪዩት ላይ ያለ መስሎት በከንቱ ይደክማል። ስለሆነም ባንድዊድዙ ከሚለካው ምልክት ድግግሞሽ ቢያንስ አምስት እጥፍ እንዲሆን ይመከራል።

ይህ መመሪያ በተለመዱ ሥራዎች ላይ ሲተገበር የሚከተለውን ይመስላል።

• የድምፅ ማጉያ ሥራ፦ የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ በመሆኑ ማንኛውም 20 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ከበቂ በላይ ነው።

• ሴንሰሮችና ቀላል የመረጃ መስመሮች፦ አይ-ስኩዌርድ-ሲ የተባለው መስመር በተለምዶ በ100 ወይም በ400 ኪሎኸርዝ ይሠራል። በ115200 ፍጥነት የሚሠራ ተከታታይ መስመር አንዱ ቢት ወደ 8.7 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። ለሁለቱም 20 ሜጋኸርዝ ይበቃል።

• ፈጣን የመረጃ መስመሮች፦ በ10 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የኤስፒአይ መስመርን በአግባቡ ለማየት 50 ሜጋኸርዝ ያስፈልጋል።

• የማይክሮኮንትሮለር ሰዓት ምልክት፦ አርዱዪኖ ኡኖ የሚሠራበት ሰዓት 16 ሜጋኸርዝ በመሆኑ ቅርጹን በሚገባ ለማየት 80፣ ማለትም በገበያ ያለው 100 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ተገቢ ነው። ይሁንና አብዛኛው ሰው ይህን ምልክት መለካት ሳያስፈልገው ዓመታት ሊሠራ ይችላል።

• ኤፍ ኤም ሬዲዮ፦ እንደ 97.1 ሜጋኸርዝ ያለ ሞገድ በ100 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ላይ ቢታይም ቁመቱ በትክክል አይለካም። በዚህ ዘርፍ ለመሥራት የሚያስብ ሰው 200 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ማሰብ ይኖርበታል።

• ዋይፋይ፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ሞገድ በዚህ የዋጋ ክልል ያለ ማንኛውም ኦሲሎስኮፕ አያሳይም። ለዚህ ዓላማ ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ጥቅም የለውም።

ከዚህ ዝርዝር እንደሚታየው አብዛኛው የጀማሪ ሥራ ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይጠቃለላል።

4. የናሙና ፍጥነት፦ በቻናሎች የሚከፈል ቁጥር

ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ምልክቱን የሚያየው ያለማቋረጥ አይደለም። በየቅጽበቱ ናሙና እየወሰደ ነጥቦቹን በማገናኘት ሥዕሉን ይሠራል። ናሙናው ከሚለካው ምልክት አንጻር ጥቂት ከሆነ መሣሪያው የሌለ ሞገድ ይፈጥራል። በፊልም ላይ ወደ ፊት የሚጓዝ መኪና ጎማው ወደ ኋላ የሚሽከረከር መስሎ እንደሚታየው ሁሉ፣ ፈጣን ምልክትም ዘገምተኛ ሆኖ ስክሪን ላይ ሊታይ ይችላል። በንድፈ ሐሳብ ለአንድ ዑደት ከሁለት በላይ ናሙና ያስፈልጋል። በተግባር ግን ከባንድዊድዙ ቢያንስ አራትና አምስት እጥፍ የሆነ የናሙና ፍጥነት መኖሩ ይመከራል።

በዚህ ረገድ ገዢው ሁለት ነገሮችን ማረጋገጥ አለበት።

የመጀመሪያው፣ የተጻፈው ፍጥነት ለአንድ ቻናል ነው ወይስ ለሁሉም? የሚለው ነው። ለምሳሌ ከአሥር ዓመት ያህል ወዲህ በጀማሪዎች ዘንድ በስፋት የታወቀው የሪጎል ዲኤስ1054ዜድ አራት ቻናልና 50 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ አለው። በሰከንድ 1 ቢሊዮን ናሙና የሚወስደው ግን አንድ ቻናል ብቻ ሲበራ ነው፤ በሁለት ቻናል 500 ሚሊዮን፣ በሦስትና በአራት ቻናል ደግሞ 250 ሚሊዮን ይሆናል። ለ50 ሜጋኸርዝ ይህ አምስት እጥፍ በመሆኑ ተቀባይነት አለው። ነገር ግን 100 ሜጋኸርዝ የሆነ መሣሪያ በአራት ቻናል ወደ 250 ሚሊዮን የሚወርድ ከሆነ ለአንድ ዑደት 2.5 ናሙና ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህም በቂ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ፍጥነቱ በቅጽበት የሚወሰድ ነው ወይስ «አቻ» ተብሎ የተሰላ? የሚለው ነው። አንዳንድ ማስታወቂያዎች የሚጠቅሱት ትልቅ ቁጥር የሚሠራው ምልክቱ ያለ ለውጥ ሲደጋገም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ስሕተትን ለመያዝ የሚጠቅመው የቅጽበቱ ፍጥነት ነው።

በኪስ የሚያዙ ርካሽ መሣሪያዎችን በተመለከተ የባንድዊድዝና የናሙና ፍጥነት ቁጥሮች እርስ በርስ መስማማታቸውን ማስላት ጥሩ መከላከያ ነው። ለምሳሌ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ሃንቴክ 6022ቢኢ 20 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ ቢገለጽለትም የናሙና ፍጥነቱ በሰከንድ 48 ሚሊዮን ነው። 48 ለ20 ሲካፈል 2.4 ብቻ ስለሆነ መሣሪያው በአስተማማኝነት የሚያገለግለው እስከ 5 ሜጋኸርዝ አካባቢ መሆኑን ገዢው ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

5. የማስታወሻ ጥልቀት፣ የቢት ብዛትና የቻናል ቁጥር

የማስታወሻ ጥልቀት መሣሪያው በአንድ ጊዜ ስንት ናሙና መያዝ እንደሚችል ያመለክታል። ማስታወሻው ለናሙናው ፍጥነት ሲካፈል የሚያዘው ጊዜ ይገኛል። 12 ሚሊዮን ናሙና የሚይዝ መሣሪያ በሰከንድ 1 ቢሊዮን ናሙና ቢወስድ 12 ሚሊ ሰከንድ ይይዛል። 2500 ናሙና ብቻ የሚይዝ ግን በዚያው ፍጥነት 2.5 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ያስቀራል። ሴንሰር የሚልከውን ሙሉ መልእክት በአንድ ጊዜ ለመያዝና ከዚያ አጉልቶ ለመመርመር ሰፊ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በአሁኑ ገበያ ጥቂት ሚሊዮን ናሙና የሚይዝ መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም።

የቢት ብዛት የቮልቴጁን ደረጃ ይወስናል። ባለ 8 ቢት መሣሪያ ስክሪኑን በ256 ደረጃ ይከፍላል፤ ባለ 12 ቢት በ4096 ደረጃ። ስክሪኑ 8 ቮልት የሚሸፍን ቢሆን የመጀመሪያው አንድ ደረጃ ወደ 31 ሚሊ ቮልት፣ የሁለተኛው ወደ 2 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ለዲጂታል ሥራ 8 ቢት ይበቃል። የኃይል ምንጭ ረብሻን፣ የድምፅና የሴንሰር ጥቃቅን ምልክቶችን ለሚከታተል ሰው ግን 12 ቢት ጠቀሜታው የሚታይ ነው።

የቻናል ብዛትን በተመለከተ ከሁለት ያነሰ ቻናል ያለው መሣሪያ ለትምህርት ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። የአንድ ሰርኪዩት መግቢያና መውጫ በአንድ ጊዜ መታየት አለበትና። አይ-ስኩዌርድ-ሲ ሁለት መስመር ብቻ ስላለው በሁለት ቻናል ይታያል። ኤስፒአይ ግን ሰዓት፣ ሁለት የመረጃ መስመሮችና አንድ መምረጫ በድምሩ አራት መስመሮች ስላሉት አራት ቻናል ይመቻል። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ባለ ስምንት መስመር ርካሽ ሎጂክ አናላይዘር መጨመር ጥሩ አማራጭ ነው። ሎጂክ አናላይዘር የሚያሳየው ዜሮና አንድን ብቻ ስለሆነ ኦሲሎስኮፕን አይተካም፤ ያግዘዋል እንጂ።

ከእነዚህ በተጨማሪ መሣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከሰት ምልክትን ይዞ የሚቆም ትሪገር ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትሪገር ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ እንዳይንሸራተት በተወሰነ ቮልቴጅ ላይ የሚያስጀምረው ሥርዓት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት የሚገኘው በዚህ አማካይነት ነው።

6. በገበያ የሚገኙ ዓይነቶችና ለማን እንደሚስማሙ

ከዚህ በታች የተጠቀሱ ሞዴሎች ለምሳሌነት ብቻ የቀረቡ ሲሆን ለይቶ የማስተዋወቅ ዓላማ የላቸውም። የተገለጹት ዋጋዎች በዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ገበያ የሚታዩ ግምታዊ ዋጋዎች ናቸው፤ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪን አይጨምሩም።

ሀ. ተገጣጣሚ የመማሪያ መሣሪያ። ዲኤስኦ138 በሚል መለያ የሚታወቀው ከ20 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ይገኛል። አንድ ቻናል፣ 200 ኪሎኸርዝ ባንድዊድዝና በሰከንድ 1 ሚሊዮን ናሙና አለው። ብየዳ ለመለማመድና የኦሲሎስኮፕን አሠራር ለመረዳት ጠቃሚ ነው። ለድምፅና ለዘገምተኛ ምልክት ከማገልገሉ በቀር ዲጂታል መስመሮችን ለመመርመር አይሆንም። ከ220 ቮልት መስመር ጋርም ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።

ለ. በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ። ከመቶ ዶላር በታች ሊገኝ ይችላል። ስክሪኑ የኮምፒውተሩ በመሆኑ ሰፊ ነው፤ ቦታም አይይዝም። ይሁንና የፕሮቡ መሬት ከኮምፒውተሩ መሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንድ የተሳሳተ ግንኙነት ሁለቱንም ሊያቃጥል ይችላል።

ሐ. በባትሪ የሚሠራ የእጅ መሣሪያ። ለመስክ ጥገናና የመብራት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ይመቻል። በዚህ ዓይነት ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች በክፍል 4 በተገለጸው ስሌት ሊመረመሩ ይገባል።

መ. የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ። ባለ ሁለት ቻናሉ ከ200 እስከ 300 ዶላር፣ ባለ አራት ቻናሉ ከ350 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። የሲግለንት ኤስዲኤስ1104ኤክስ-ኢ አራት ቻናል፣ 100 ሜጋኸርዝና 14 ሚሊዮን ናሙና የሚይዝ ማስታወሻ አለው። ሪጎል እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ ያቀረበው ዲኤችኦ804 ደግሞ አራት ቻናል፣ 70 ሜጋኸርዝ፣ 12 ቢትና 25 ሚሊዮን ናሙና የሚይዝ ማስታወሻ አለው። በሥራው ለመቀጠል ለቆረጠ ሰው ይህ ዓይነት ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

ሠ. ያገለገለ የአናሎግ መሣሪያ። ባለ ቱቦ ስክሪን የቆዩ ኦሲሎስኮፖች በርካሽ ይገኛሉ፤ ለድምፅ ሥራም ጥሩ ናቸው። ሆኖም ምልክት ይዘው አያስቀምጡም፣ ከባዶች ናቸው፣ በውስጣቸውም በሺህ የሚቆጠር ቮልት አለ። ሲበላሹ ልምድ የሌለው ሰው ሊከፍታቸው አይገባም።

ለጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ገንዘብ ያልደረሰ ወጣት አማራጭ አለው። በአካባቢው የሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራውን የሚያስጠቅም መሆኑን መጠየቅ አንዱ ነው። በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ክፍል ያሉ አራትና አምስት ሠልጣኞች በዕቁብ መልክ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጥሩ መሣሪያ በጋራ ቢገዙም፣ እያንዳንዳቸው ደካማ መሣሪያ ከሚገዙ ይልቅ ይጠቀማሉ።

7. ፕሮብ፦ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል

ፕሮብ የኦሲሎስኮፑ አካል ነው። አብዛኛው ፕሮብ 1 እና 10 የሚል ማብሪያ አለው። በ10 ላይ ሲደረግ ምልክቱ ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ ይላል፤ በሚለካው ሰርኪዩት ላይ የሚያሳድረው ጫናም ያንሳል። በ1 ላይ ሲደረግ ግን የፕሮቡ ባንድዊድዝ ወደ ጥቂት ሜጋኸርዝ ይወርዳል። 100 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ገዝቶ ፕሮቡን ሁልጊዜ በ1 ላይ የሚጠቀም ሰው የከፈለበትን አቅም አያገኝም። ስለሆነም ለመደበኛ ሥራ 10 እንዲመረጥ፣ በመሣሪያው ሜኑ ላይም ያው ቁጥር እንዲሞላ ይመከራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ንባቡ አሥር እጥፍ ይሳሳታል፤ 5 ቮልት 50 ወይም 0.5 ቮልት ሆኖ ይነበባል።

ፕሮብ በመጀመሪያ ጊዜና ቻናል በተለወጠ ቁጥር መስተካከል አለበት። በመሣሪያው ፊት ላይ በተለምዶ 1 ኪሎኸርዝ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት የሚሰጥ መፈተሻ ነጥብ አለ። ፕሮቡን እዚያ አገናኝቶ ማዕዘኖቹ ሳይድበሰበሱም ሳይሾሉም ቀጥ እስኪሉ ድረስ በፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማዞር ይበቃል።

8. የደኅንነት ማሳሰቢያ

በአገራችን የሚሠራጨው የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 220 የተባለው አማካይ ልኬት ሲሆን የሞገዱ ጫፍ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ 622 ቮልት ገደማ ይሆናል።

ማንኛውም ተጠቃሚ ሊያውቀው የሚገባው መሠረታዊ ነገር የሚከተለው ነው። በጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ላይ የፕሮቡ የመሬት መቆንጠጫ በመሣሪያው አካልና በኃይል ገመዱ በኩል ከሕንጻው የመሬት መስመር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ይህ መቆንጠጫ ኤሌክትሪክ ካለበት መስመር ጋር ቢያያዝ መስመሩ ወደ መሬት በአጭር መንገድ ይፈስሳል። ፕሮቡና መሣሪያው ይቃጠላሉ፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉት በጥብቅ ሊከበሩ ይገባል።

• የመሬት መቆንጠጫውን ከ220 ቮልት መስመር ጋር፣ ወይም ከመስመሩ ባልተለየ የኃይል ምንጭ የመጀመሪያ ክፍል ጋር ፈጽሞ አያገናኙ።

• የኃይል ገመዱን የመሬት እግር አይቁረጡ፤ የመሬት መስመር የሌለው ማገናኛም አይጠቀሙ። አንዳንዶች ችግሩን ለማስወገድ ይህንን ያደርጋሉ። ውጤቱ ግን የመሣሪያው ብረት በሙሉ 220 ቮልት እንዲሸከምና የነካው ሰው እንዲመታ ማድረግ ነው።

• የቤትዎ ሶኬት የመሬት መስመር በትክክል የተገናኘለት መሆኑን ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምሩ። ቀዳዳው መኖሩ ብቻ መስመሩ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይደለም።

• የሁሉም ቻናሎች መሬት በመሣሪያው ውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ሁለት መቆንጠጫዎችን ቮልቴጃቸው በሚለያይ ሁለት ነጥቦች ላይ አያያይዙ።

• የቴሌቪዥን፣ የቻርጀርና የኮምፒውተር ኃይል ምንጮች በውስጣቸው ወደ 310 ቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ የሚያከማች ካፓሲተር አላቸው። ይህ ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ሊቆይ ይችላል። በተገቢው ሬዚስተር መውጣቱንና በመልቲሜትር መረጋገጡን ሳያዩ አይንኩ።

• በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ከመሬት የተለየ መሆኑ አደጋውን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። መቆንጠጫው ኤሌክትሪክ ያለበትን ነጥብ ከነካ የመሣሪያው የብረት ክፍልም ያንኑ ቮልቴጅ ይሸከማል።

የ220 ቮልት ክፍል የግድ መለካት ያለበት ባለሙያ ለዚሁ የተሠራ ዲፈረንሻል ፕሮብ መጠቀም አለበት። የሚጠገነውን ዕቃ በመለያ ትራንስፎርመር በኩል ማገናኘትም የተለመደ አሠራር ነው፤ ይህም ቢሆን ሥልጠናን ይጠይቃል። የመስመሩን ወይም የኢንቨርተርን የሞገድ ቅርጽ ለማየት ብቻ የሚፈልግ ጀማሪ ግን 220 ቮልትን ወደ 9 ቮልት የሚቀንስ በሳጥን የተሸፈነ አነስተኛ ትራንስፎርመር ተጠቅሞ የ9 ቮልቱን ወገን ቢለካ ቅርጹን ያለ አደጋ ማየት ይችላል።

9. በግዢ ወቅት የሚደረግ ማረጋገጫ

ከአገር ውስጥ ሱቅ ሲገዛ መሣሪያው በሱቁ ውስጥ እንዲበራ መጠየቅ የገዢው መብት መሆኑ መታወቅ አለበት። በዚያው የሚከተሉትን ይፈትሹ።

• እያንዳንዱን ቻናል ተራ በተራ ከ1 ኪሎኸርዝ መፈተሻ ነጥብ ጋር አገናኝተው ሥዕሉ መታየቱንና የሚነበበው ድግግሞሽ ትክክል መሆኑን፤
• ሁሉም ማዞሪያዎችና ቁልፎች መሥራታቸውን፤
• የፕሮቦቹ ቁጥር ከቻናሎቹ ቁጥር ጋር መመጣጠኑንና በፕሮቡ ላይ የተጻፈው ባንድዊድዝ ከመሣሪያው የማያንስ መሆኑን፤
• በጀርባው ባለው መለያ ላይ የተጻፈው ሞዴል በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን፤
• የኃይል ምንጩ 220 ቮልት የሚቀበል መሆኑን። በአሜሪካ በሚኖር ዘመድ በኩል የሚመጣ ዕቃ ከሆነ ይህ ይበልጥ ሊጤን ይገባል፤ መለያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለውም፣ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ግን በቀጥታ መሰካት የለበትም።

ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልና መያዝ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ለሚቀርብ አቤቱታ መነሻ ነው።

ከውጭ አገር የሚያዝ ሰው ደግሞ ጠቅላላ ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል። ኦሲሎስኮፕ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት በቁጥር 9030.20 ሥር ይመደባል። ይህንን ቁጥር ይዞ በጉምሩክ ኮሚሽን ወይም ፈቃድ ባለው የጉምሩክ አስተላላፊ ዘንድ የሚከፈለውን ቀረጥና ታክስ መጠየቅ ይቻላል። የዕቃውን ዋጋ የሚያሳየው የሽያጭ ሰነድ አብሮ መምጣት አለበት። ከማጓጓዣና ከቀረጥ ጋር የሚደርሰው ድምር በአገር ውስጥ ካለው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፣ አብርቶ ማየትና መመለስ የሚቻልበትን የአገር ውስጥ ግዢ መምረጥ ይሻላል።

10. ማጠቃለያ

በማይክሮኮንትሮለር፣ በሴንሰር፣ በድምፅና ዝቅተኛ ቮልቴጅ ባላቸው የኃይል ምንጮች ላይ ለሚሠራ ጀማሪ የሚከተለው መሥፈርት በቂ ነው፦ ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ፤ ሁሉም ቻናሎች ሲበሩ ከባንድዊድዙ ከአራት እጥፍ የማያንስ የቅጽበት ናሙና ፍጥነት፤ ቢያንስ ሁለት ቻናል፤ ጥቂት ሚሊዮን ናሙና የሚይዝ ማስታወሻ፤ አንድ ጊዜ የሚከሰትን ምልክት የሚይዝ ትሪገር፤ ለእያንዳንዱ ቻናል ተስማሚ ፕሮብ። ከዚህ በላይ የሚጨመር ቁጥር ዋጋ ከመጨመሩ በስተቀር ለጀማሪው ሥራ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው።

የ220 ቮልት ዕቃዎችን የሚጠግን ባለሙያ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለተጨማሪ ሜጋኸርዝ ሳይሆን ለዲፈረንሻል ፕሮብ፣ ለትክክለኛ የመሬት መስመርና ለሥልጠና ሊሆን ይገባል። በበጀቱ ሁለቱን ማሟላት ካልተቻለ አነስተኛውን ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ የደኅንነት መጠበቂያውን ማሟላት ተገቢው ቅደም ተከተል ነው።